በሰፈራችን መያዣ ቤት አይከፈትም!

ሰኞ

ኧረ ጉድ ፈላ! ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ፎቶ ቤቱ ከለቀቀ ወዲህ ተዘግቶ የከረመው ቤት በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት አደረ። መጥቶ የነገረኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው። መቀሱን እንኳ አላስቀመጠም፤ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ነው እየሮጠ የመጣው። "እትዬ፣ መያዣ ቤት ሊከፈት ነው!" አለኝ። መያዣ ቤት ማለት ዕቃህን ሰጥተህ ገንዘብ ትበደራለህ፣ በቀኑ ካልመለስክ ዕቃህ ቀለጠ ማለት ነው። ወጥቼ ራሴ አነበብኩት። ተቃውሞ ያለው ነዋሪ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያስረዳ ይላል።

ተቃውሞ ያለው! ተቃውሞ ማለት እኔ አይደለሁ እንዴ? ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። ስኳርና ዱቄት ስመዝን ዕድሜዬ አለቀ፤ እስቲ አሁን ደግሞ አንድ ቁም ነገር ልሥራ።

ማታ ሰውየው፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ ከጋራዥ ሲገባ ነገርኩት። እጁን በሳሙና እያሸ "አንቺን ምን አገባሽ?" አለኝ። ምን አገባሽ ይለኛል! የሰው ችግር መነገጃ ሲሆን ዝም ብዬ ልይ? "አይ፣ አንቺማ ዝም ብለሽ አታዪም" አለና የሱቁን የኋላ ክፍል በር አየት አድርጎ ፎጣውን አነሳ። አንዳንዴ ባሌ አይገባኝም።

ረቡዕ፣ ከስብሰባው መልስ

እንቅልፍ ከየት ይምጣ! ስብሰባው እዚሁ ሱቄ ውስጥ ተደረገ። ያልመጣ የለም። ባንኮኒው ላይ የተደገፈ፣ የዘይት ሳጥን ላይ የተቀመጠ፣ በሩ ላይ የቆመ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛው መምህር የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው መሩት። ሲነሱ ሱሪያቸው ከኋላ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም።

ፀጉር አስተካካዩ "ሌባ የሰረቀውን ይዞ የሚሮጠው እዚያ ነው" አለ። የጥበቃው ሚስት "የኔ ሰውዬ አንድ ቀን ከጠጣ የልጆቹን ፍራሽ አስይዞ ነው የሚመጣው" አለች። ባሏ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም ያመነበት ይመስላል። ጋሼ ደግሞ "ሰው ችግሩን ተሸክሞ በአደባባይ ሊሰለፍ ነው፤ ይሄ ውርደት ነው" አሉ። ይቺን ስሰማ ብድግ አልኩ። ምን እንዳልኩ በቅጡ አላስታውስም። ስለ መተዛዘን፣ ስለ መተማመን ተናገርኩ፣ እጄን አወናጨፍኩ፣ የሻማ ካርቶን ደረመስኩ። ጭብጨባ ሆነ! "በቃ፣ እትዬ ትናገርልን" ተባለ። እኔ! የሰፈሩ አፍ!

እህቴ ነገሩን ባታበላሸው እንዴት ያለ ማታ ነበር። ታናሼ ናት፣ የእናቴ ልጅ። ልብስ ሰፊ ናት፣ ከሱቄ ጎን ባለው ግቢ ነው የምትኖረው። ክር ልትገዛ ገብታ ጥግ ላይ ቆማ ነበር።

"እኔ ቢከፈት ደስ ይለኛል" አለች ረጋ ብላ።

"ለምን?" አልኳት።

"ቀን ቆርጠው ስለሚይዙ" አለችና ክሯን ይዛ ወጣች።

ቀን ቆርጠው ስለሚይዙ! ምን የሚሉት መልስ ነው? በሰው ፊት አንገቴን አስደፋችኝ። ሌላ ሰው ቢል እሺ። የገዛ እህቴ! ቆይ፣ እሷን ሌላ ጊዜ አነጋግራታለሁ።

ዓርብ

ቸኩያለሁ። ጨርቅ ተገዛ። ቀለምም ተገኘ። መፈክሩ የኔ ነው፦ "መተማመን አለን፣ መያዣ አንፈልግም!" ጋሼ ሰምተው "ግሩም" አሉ። ግሩም!

ጨርቁን ዘርግተን የምንጽፍበት ቦታ ቢጠፋ የኋላ ክፍሌን ባዶ ላደርግ ሞከርኩ። የት ተችሎ! የሰው ዕቃ ሞልቶታል። የፀጉር አስተካካዩ ሙሉ ልብስ፣ የጋሼ የእጅ ሰዓት፣ የጥበቃው ሚስት የአንገት ሐብል፣ የማን እንደሆነ የረሳሁት ካውያ፣ የእህቴ የስፌት መኪና። ሁሉም በንጽሕና ነው የተቀመጠው። ልብሱ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ መኪናው በአንሶላ ተጠቅልሎ።

ይሄ እንግዲህ ሌላ ነገር ነው። ሰው ሲቸግረው ዱቤ ይወስዳል። ዱቤው ሲከማች እኔ አልጨቀጭቅም። "እንዲያው ልብሽ እንዲያርፍ ይቺን ያዢልኝ" ይሉኛል፤ እይዝላቸዋለሁ። አደራ ነው። አደራና መያዣ ምን አገናኘው? ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ብቻ ዕቃውን ሳንቀሳቅስ ሐሳቡ መጣብኝና ነው የጻፍኩት።

መፈክሩን ውጭ አስፋልቱ ዳር ዘርግተን ጻፍነው።

እሑድ

እህቴ መጣች። አንኳኩታ ገባች። እኔ ቤት፣ እሷ፣ አንኳኩታ!

ትልቅ ሥራ አግኝታለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ሸሚዙ በሙሉ የሷ ነው። ትምህርት ሳይከፈት ካላስረከበች ግን ለሌላ ሰፊ ይሰጡታል። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ አቅፌ ሳምኳት። እሷ ግን እንደ እንጨት ቆማ "እንግዲህ መኪናዬን ስጪኝ" አለችኝ።

"መች ከለከልኩሽ? ከዱቤሽ ትንሽ ቀነስ አድርጊና ውሰጂው።"

"ሳልሰፋ ከየት አምጥቼ ነው የምቀንሰው?"

"አንቺን ዝም ብዬ ብሰጥሽ ሌላው ምን ይለኛል? ለእህቷ አዳላች አይልም?"

"እታለም፣ ትንሽ ስትዪ ምን ያህል ነው? ቆይ ስትዪስ እስከ መቼ ነው? ያ ሰውዬ ቢከፍት ጉትቻዬን አስይዤ ያንቺን እዘጋለሁ፣ መኪናዬንም አወጣለሁ። ጉትቻዬን የምወስድበት ቀን ይታወቃል። ያንቺ ግን ቀን የለውም።"

ለካ እንዲህ ነው ነገሩ! የእናታችንን ጉትቻ ለባዳ! ከእህቷ ባዳ ይሻላታል! ዱቄት ሲያልቅባት ማን ሰጣት? ያን ክረምት አልጋ ላይ ስትውል ማን ነው ደጇን የረገጠው? ምን በደልኳት? ሄዳ በእጇ እየሰፋች ነው አሉ። መብራት እስኪጠፋ በእጇ። በዚያ አካሄድ እንኳን ሸሚዙን ኮሌታውንም አትጨርስም።

አንጀቴን በላችኝ። ግን ለአንዱ የሠራ ሥርዓት ለሌላው መሥራት አለበት። ደግሞ አሁን በትግሉ መሃል ይሄን ማንሳት ነበረባት?

ማክሰኞ

ጠላት ሱቄ ገባ! ባለመያዣው ራሱ! ሰይጣን የመሰለ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ እጅ የሚነሳ ቀጭን ሰውዬ ሆኖ አረፈው። ሳሙና ጠየቀኝ። ሳወርድለት የኋላ ክፍሌ በር ተከፍቶ ነበር፤ አንገቱን አስግጎ አየ።

"አያያዝዎ ጥሩ ነው" አለኝ። "ካውያውን ከእርጥበት አርቀውታል። ልብሱንም ሸፍነውታል። ሥራውን ያውቁበታል።"

"የምን ሥራ?"

"የኛን።"

ሳሙናው ከእጄ ሊወድቅ! "አደራ ነው!" አልኩት። "እኔ ወለድ የሚባል አላውቅም! ዱቤ የሚወስድ ሰው የስኳሩ ዋጋ ላይ ትንሽ ጣል አደርግበት ይሆናል፤ እሱም ለድካሜ ነው!"

"ገባኝ" አለ። "አደራ ባለቤቱ ሲጠይቅ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። እኛ ቀን እንቆርጣለን፣ ደረሰኝ እንሰጣለን። ልዩነታችን እሱ ብቻ ነው።"

"ሳሙናህን ይዘህ ውጣልኝ!"

ወጣ። ዓይኑን በጨው ያጠበ! ለማንም አልነገርኩም። ምን ብዬ እነግራለሁ? ጠላት ያለውን እየዞሩ ማውራት ለሱ ማስታወቂያ መሥራት ነው።

ሐሙስ

ዜና! የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሰኞ ራሷ ትመጣለች። መጀመሪያ ሰፈሩን ዞራ ታያለች፣ ከዚያ አዳራሽ ገብታ ሁለቱንም ወገን ትሰማለች። ጋሼ ሰብስበውን ዘዴ ነገሩን።

"ችግረኛ መስለን ከታየን መያዣ ቤት ያስፈልጋቸዋል ትላለች" አሉ። "ስለዚህ ያለንን ሁሉ ለብሰን፣ አጊጠን፣ እያንዳንዳችን ሥራችን ላይ መገኘት አለብን። ይሄ ሰፈር ምንም እንዳልጎደለው በዓይኗ ትይ።"

እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው! ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ሁሉም ቀስ እያለ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ እቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ቅዳሜ

ከጧት ጀምሮ በሩ አልተዘጋም። ፀጉር አስተካካዩ "እትዬ፣ ያችን ሙሉ ልብስ ለሰኞ ብቻ" አለኝ። ሰጠሁት። የጥበቃው ሚስት ሐብሏን። ሰጠኋት፤ እዚሁ አንገቷ ላይ አስሬላት መስታወት ፊት አቆምኳት፣ እንዴት አምሮባታል! ጋሼ ሰዓታቸውን ለመጠየቅ አፍረው አየሩን ሲያወሩ፣ ጤናዬን ሲጠይቁ ቆዩ። ራሴ አምጥቼ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው። ካውያውም ባለቤት ተገኘለት።

ደስ ሲል! ሁሉም "አንቺ ባትኖሪ" ይለኛል። ለአንድ ቀን ነው፤ ማክሰኞ ጧት ሁሉም ቦታው ይመለሳል። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ምን ያስቅሃል?" ብለው "ሰፈሩ ሲያምር ደስ ብሎኝ ነው" ይላል።

እህቴ አልመጣችም። ጋሼ ናቸው "ልብስ ሰፊዋ ያለ መኪና ደጃፏ ላይ ብትታይ ምን እንላለን?" ያሉት። እውነታቸውን ነው። ሰውየው መኪናውን ተሸክሞ ወሰደላት። "ምን አለች?" አልኩት ሲመለስ። "ምንም። ዘይት ጠየቀችኝ። ከጋራዥ አምጥቼ ቀባሁላት። ከማታ በፊት ስፌት ጀምራለች።"

ሰኞ ማታ

አቤት ቀን! አቤት ቀን! ከየት ልጀምር?

ኃላፊዋ መጣች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጫማዋ ለኛ መንገድ ያልተሠራ። ፀጉር አስተካካዩ በሙሉ ልብስና በከረባት ፀጉር ሲቆርጥ አየችው። ከአንገቱ በታች ሙሽራ ነው የሚመስለው። ጋሼ በቆምንበት ሁሉ ሰዓታቸውን ያያሉ። የጥበቃው ሚስት በሐብል ተሽቆጥቁጣ ደጃፏን ትጠርጋለች። እኔ ሳቄን አፍኜ ልሞት!

እህቴ ጋ ስንደርስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ጉልበቷ ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ አልጋው ላይ ነጭ ሸሚዝ ብቻ። መኪናው ይንደቀደቃል። እሷ ቀና ብላም አላየችን። ኃላፊዋ አንዱን ኮሌታ በጣቷ ዳሰሰችና "የሚያምር እጅ ነው" አለች። እህቴ ናት ልል ነበር፤ ተውኩት።

አዳራሽ ገባን። እኔ ተናገርኩ። ጥሩ ተናገርኩ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ከዚያ ባለመያዣው ተራ ሆነ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "እዚህ ሰፈር ዕቃ ማስያዝ አሁንም አለ። እኔ በደረሰኝና በቀን ላድርገው ነው የምለው" አለ።

ኃላፊዋ ብዕሯን አቆመች። "እውነት ነው? የሰው ዕቃ የሚይዝ ሰው አለ?"

ፀጉር አስተካካዩ ከረባቱን አየ። የጥበቃው ሚስት ሐብሏን በእጇ ሸፈነች። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እህቴ ግን በስተኋላ ቆማ እኔን ብቻ ነበር የምታየው። አንዲት ቃል ይበቃት ነበር። አፏን አልከፈተችም።

መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። "የለም!" አልኩ። "እኛ ሰፈር የሰው ዕቃ የሚይዝ የለም! የሁሉም ዕቃ በየቤቱ ነው፤ አሁን ዞረሽ በዓይንሽ አይተሻል!"

ጣሪያው እስኪነሳ ተጨበጨበ። ኃላፊዋ ጻፈች። ፀጉር አስተካካዩ ከፍ አድርጎ ሊያነሳኝ ሞክሮ አቃተው። ስንወጣ እህቴን ፈለግኳት፤ ሄዳለች። ሥራ ስላለባት ነው።

ረቡዕ

አሸነፍን! አሸነፍን! "ነዋሪው አገልግሎቱን እንደማይፈልገው በመረጋገጡ" ፈቃዱ ተከልክሏል። ወረቀቱ ተነሳ። ሱቁ ውስጥ ዘፈን፣ ሳቅ፣ ግርግር። ለሁሉም ለስላሳ አወጣሁ፤ በነጻ! ባለመያዣው አላፊ አግዳሚውን እጅ እየነሳ ሲሄድ አየሁት። ኮፍያውን ለኔም አነሳልኝ። ፊቴን አዞርኩ።

ዓርብ

ማክሰኞ ካለፈ ቆየ። የመለሰ የለም። ሰዉ በድል ሰክሮ ረስቶት ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ዛሬም በሙሉ ልብስ ነው የዋለው። በሱቄ በር ሲያልፍ ወደ ሰማይ ያያል። የጥበቃው ሚስት ስኳር የምትገዛው ከላይኛው ሱቅ ሆኗል አሉ።

ሰውየውን "ሂድና አንድ ሁለቱን አስታውሳቸው" ብለው "ምን ብዬ?" አለኝ። "የሁሉም ዕቃ በየቤቱ ነው ብለሽ አስጽፈሽ የለ?"

ቅዳሜ

ጋሼ መጡ። እሳቸው ብቻ! አውቃለሁ፣ የቃል ሰው ናቸው። ሰዓቱን ከእጃቸው ፈተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። "እንግዲህ ቦታው ይመለስ" አሉኝ። እጄን ልዘረጋ ስል ከማዶ ሰፈር የመጣች አንዲት ሴትዮ ዘይት ልትገዛ ቆማ፣ ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች።

"ምን ነካዎት ጋሼ!" አልኩ አፌን ሞልቼ። "እኔ የሰው ዕቃ እይዛለሁ እንዴ?"

ጋሼ አዩኝ። ሰዓቱን አዩ። መልሰው አሰሩት። "እውነትሽን ነው" ብለው ጎንበስ ብለው እጅ ነስተውኝ ወጡ። ሰውየው ውስጥ ሆኖ ሻዩ ትን ብሎት ሲያስል ሰማሁት።

የኋላ ክፍሌ ባዶ ነው። ጠረግኩት። የሚያስተጋባ ክፍል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

እሑድ

እህቴ ጋ ሄድኩ። ላስመልስ አይደለም፤ እንዴት ከረምሽ ልል ነው። ሰውየው ከበሩ "ጋሪ ልጥራልሽ?" አለኝ። ትቼው ወጣሁ።

በሩ ክፍት ነበር። መኪናውን አላቆመችም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ጣቶቿ በመርፌ ተበሳስተዋል፤ ያ በእጇ የሰፋችበት ጊዜ ያመጣው ነው።

"ልትወስጂው መጣሽ?" አለችኝ።

"አደራው እኔ ጋ..." ብዬ ጀመርኩ፤ መጨረሻው ጠፋብኝ።

እግሯን ከመርገጫው አነሳች። "እታለም፣ ያን ቀን አንዲት ቃል ብተነፍስ ምን ይውጥሽ ነበር?"

ጎንበስ ብዬ መሬት የወደቀ ሸሚዝ አነሳሁ።

"የሁሉም ዕቃ በየቤቱ ነው አልሽ፤ በሰው ሁሉ ፊት። አሁን ይሄ መኪና ከዚህ ቤት ከወጣ ዋሽተሻል ማለት ነው። እህቴ ዋሾ ናት ሲባል መስማት አልፈልግም። ዱቤሽን ሸሚዙን ባስረከብኩ ማግስት እከፍልሻለሁ፤ ቀኑን ቆርጬ ነገርኩሽ። መኪናው ግን አይነሳም።"

ፊቴ እሳት ሆነ። ልቆጣ ፈለግኩ፤ ቁጣው አልመጣ አለ። እንባ ነው የመጣው፤ እሱንም ዋጥኩት። አፈርኩ፣ በቃ፣ አፈርኩ። እሷ ደግሞ አይታኝ እንዳላየች ሆነች፤ ቁልፍ የሞላበት ቆርቆሮ ወደኔ ገፋ አድርጋ "ቆመሽ ከምትውዪ ቁልፍ ትከዪልኝ" አለች። "ረስተሽው ካልሆነ።"

"ማን አስተማረሽና ነው!" አልኳት።

ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያውን ተከልኩ። አየችውና በምላጭ በጥሳ "ተንጋዷል" አለችኝ። ሁለተኛውን ተቀበለችኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ድንገት "የምትተክዪበትን ዱቤዬ ላይ ጨምሪ" አለች።

"ምን ቆርጦኝ! ላንቺ በነጻ ነው።"

"አይሆንም። ያንቺን ነጻ አውቀዋለሁ።"

ወይ አፏ! በሸሚዝ ስንት እንደሚጨመር ክርክር ገጠምን። "ያልሽው በጣም ብዙ ነው" አልኳት። "የሰፊ እጅ ርካሽ መሰለሽ?" ትለኛለች። እኔ ዝቅ፣ እሷ ከፍ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸን፣ መሃል ላይ እሷ ፈገግ አለች፣ ከዚያ እኔ ሳቄ አመለጠኝ፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እንዲህ ስቀን ስንት ጊዜ ሆነን? በሷ ዋጋ ተስማማሁ። ተሸንፌ ነው፣ ይታወቅ።

ነገ ሱቁን የምከፍተው ከሰዓት ነው። ጧቱን እህቴ ጋ ነኝ፤ ገና ብዙ ሸሚዝ ቁልፍ አልተተከለለትም።